ረኀብና ጠባይ

በአማርኛችን ሆድ እንጀራ ማኖሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ያዘነ ሰው ሆዴ ባባ ይላል፤ ቅሬታ የገባው ሆዴ ሻከረ ይላል፤ ታጋሹን ሆደ ሰፊ፣ ዕንባ የሚቀርበውን ሆደ ቡቡ እንለዋለን፤ የተጣሉ ወዳጆችም ሆድና ጀርባ ሆኑ ይባላል። አበው የሰውን ጠባይና የልቡን ሐዘን ያኖሩት እህል ከሚያርፍበት ከዚያው ስፍራ ነው። ይህ የቋንቋ ልማድ እንጂ የሕክምና ትምህርት አይደለም፤ ቢሆንም በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበትን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ የነካ ይመስላል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ዕድሜው የደረሰ ሰው፣ ጎተራው ሙሉ ሳለ መብላት ሲተው፣ ወይም ጠግቦ ሳለ መብላቱን ማቆም ሲሳነው፣ ሕመሙ የመጣው ከጠባዩና ከመንፈሱ ጭንቀት ነውን? ወይስ ጠባዩን ያበላሸውና መንፈሱን ያስጨነቀው ረኀቡ ራሱ ነው? ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። የመጀመሪያውን መልስ የያዘ ሐኪም ሕመምተኛውን እንደ እልኸኛ ቈጥሮ ይገሥጸዋል፤ ወላጆቹንም ይወቅሳል። ሁለተኛውን መልስ የያዘ ሐኪም አስቀድሞ ማዕድ ያቀርባል። በዚህ ልዩነት መካከል የሞቱ አሉ፤ የዳኑም አሉ። ታሪኩን ከመነሻው እንመልከት፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጾምን የለመደ አንባቢ ገና ከመጀመሪያው «ይህ ከጾም በምን ይለያል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጾም መግቢያና መፍቻ አለው፤ ጿሚው ከወገኑ ጋር ገብቶ ከወገኑ ጋር ይፈስካል፤ ለታመመ ሰውም ፈቃድ አለው። እኛ የምንናገርለት ግን መፍቻ ቀን የሌለው፣ ሰው ብቻውን የሚገባበት ነው። ሁለቱ የተቀላቀሉ የሚመስሉበት ጊዜም ነበረ። በ1347 በኢጣልያ አገር በሲዬና ከተማ የተወለደችው ካተሪና ምግብ እያሳነሰች ሄዳ፣ ብዪ እየተባለች ብትታዘዝም መብላቱ እየከበዳት፣ በ1380 በ33 ዓመቷ ዐረፈች። ሩዶልፍ ቤል የተባለ የታሪክ ጸሐፊ በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ የእርስዋንና የመሰሎችዋን ነገር ከዛሬው ሕመም ጋር አዛመደው። ካሮላይን ባይነም ደግሞ በ1987 ባሳተመችው መጽሐፍ ለመካከለኛው ዘመን ሴት እህል የቍርባንና የምጽዋት ነገር እንደ ነበረ ዘርዝራ፣ የዛሬን የሕመም ስም ባለፈ ዘመን ላይ መለጠፍ እንደማይገባ ተከራከረች። በእኔ አስተያየት የባይነም ክርክር ያመዝናል፤ ከሞተች ስድስት መቶ ዓመት ያለፋትን ሴት የልብ ትርታ ሊቈጥር የሚችል ሐኪም የለምና። ስለዚህ ታሪኩን ሐኪሞች በዓይናቸው አይተው ከጻፉት እንጀምር።

ከእነዚህ ሐኪሞች ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሞርተን ነው። ሞርተን ሳንባ ነቀርሳንና ሰውን የሚያከሱ ሌሎች ሕመሞችን ሲመረምር የኖረ ሰው ነበር፤ በ1689 በላቲን ቋንቋ ያሳተመው መጽሐፍም ስለዚሁ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ትኵሳት የሌለው፣ ሳል የሌለው፣ ነገር ግን ሰውን ወደ ዐፅምነት የሚለውጥ አንድ ክሳት ይገልጣል፤ ከነርቭ የመጣ ነው ይለዋል። በ1684 በ18ኛ ዓመቷ ሕመሙ የጀመራት ልጃገረድ በሐሳብና በጭንቀት ተይዛ፣ ሌሊቱንም ቀኑንም በመጻሕፍት ላይ ተደፍታ፣ ቆዳ የለበሰ ዐፅም እስክትመስል ከሳች። መድኃኒቱ ሲሰለቻት ተወችው፤ ከሦስት ወር በኋላም ሞተች። ሁለተኛው ሕመምተኛ በ16 ዓመቱ የተያዘ የአንድ የሃይማኖት አስተማሪ ልጅ ነበር፤ እርሱን ትምህርቱን ትቶ ወደ ገጠር እንዲወጣ፣ ፈረስ እንዲቀመጥ፣ ወተት እንዲጠጣ አዘዘው፤ ልጁም በብዙ ተሻለው። ሞርተን ምክንያቱን ከብዙ ጥናትና ከመንፈስ ሁከት አድርጎታል። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ልብ የሚለው ግን ወቀሳ የሌለበት መሆኑን ነው፤ ወቀሳው በኋላ የመጣ ነው።

ከሞርተን በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1873፣ ነገሩ የጸና ስም አገኘ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ በፓሪስ ሻርል ላሴግ፣ በለንደንም ሰር ዊልያም ገል፣ ሁለቱም በዘመናቸው የታወቁ ሐኪሞች፣ ስለ አንድ ዓይነት ሕመም ተናገሩ። ላሴግ ጽሑፉን ያወጣው በሚያዝያ ወር ነው፤ ገል በጥቅምት ወር በለንደን በሐኪሞች ማኅበር ፊት ንግግር አደረገ። «አኖሬክሲያ ኔርቮዛ» የሚለውን ስም የሰጠው ገል ነው፤ ትርጓሜውም ከነርቭ የመጣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ነው። ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ሆኖም ስሙ ከነገሩ ጋር አይገጥምም። የእነዚህ ሰዎች የምግብ ፍላጎት ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፤ ሲታገሉት የሚውሉት እርሱኑ ነው።

ላሴግ የቤተ ሰቡን ነገር የሚተርከው እንደ ልብ ወለድ ደራሲ ነው። ሴቲቱ መጀመሪያ ስበላ ሆዴን ያመኛል ብላ ከምግቧ ትቀንሳለች፤ ከዚያም ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ትተዋለች። ቤተ ሰቡ ያለው መሣሪያ ሁለት ብቻ ነው፤ ልመናና ቍጣ። ያማረ ምግብ ይሠራላታል፤ ስለ እኛ ብለሽ ቅመሺ ትባላለች፤ እምቢ ስትል ይቈጧታል፤ ልመናው በበረታ መጠን ፍላጎትዋ እየራቀ ይሄዳል። እርስዋ ግን አላመመኝም፣ ደኅና ነኝ ባይ ናት። በእኛ አገር «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርብ ጕርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ላሴግ ያሳየን ማዕድ እንዲህ ያለው ጕርሻ ወደ ሙግት የተለወጠበት ማዕድ ነው። ከሕመሙ በስተ ጀርባም የተገለጠ ወይም የተሰወረ አንድ የልብ ሐዘን፣ ለምሳሌ የጋብቻ ነገር፣ እንደሚኖር ጽፏል።

ገል የሕመምተኞቹን ሥዕል፣ ከመዳናቸው በፊትና ከዳኑ በኋላ፣ አቅርቦ አሳይቷል። ከእነርሱ አንዲቱ በ1866 በ17 ዓመቷ ወደ እርሱ ስትመጣ ክብደቷ 37 ኪሎ ያህል ነበር፤ በ1868 ወደ 58 ኪሎ ደርሳለች። ይህች ልጅ ያን ያህል ከስታ ሳለ ዐርፋ መቀመጥ የማትችል፣ ሽር ጉድ የምትል ነበረች፤ ገልም ትነጫነጭ እንደ ነበረና የቅናት መንፈስም እንዳየባት ጽፏል። እነዚህን ቃላት አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን። ገል ምክንያቱን የአእምሮ ጠማማነት ነው ብሎ ደመደመ፤ ሕክምናውም ሕመምተኛዋ ፈቀደችም አልፈቀደችም በየሰዓቱ መመገብና በላይዋ ሥልጣን ባላቸው ሰዎች መጠበቅ ነው አለ። ዘመዶችና ወዳጆች አብዛኛውን ጊዜ ከአስታማሚዎች ሁሉ የማይረቡ ናቸው ሲልም ጨመረ። ፍርዱን ለአንባቢ ልተወውና፣ እኔ ግን የገል ሕክምና ከገል ትርጓሜ ይሻላል እላለሁ። ጠማማ ናት ያላትን ልጅ ያዳናት ተግሣጽ አልነበረም፤ ምግብ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ አንድ ጊዜ ወደ ሥጋ ሙሉ በሙሉ ተጋደለ። በ1914 በሐምቡርግ ሞሪስ ሲሞንድስ የተባለ ሐኪም በአንዲት የሞተች ሴት ሬሳ ላይ በራስ ቅል ሥር ያለው ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ ጠፍቶ ስላገኘ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሐኪሞች የከሳውን ሁሉ የዕጢ ሕመምተኛ አድርገው ቈጠሩት። በኋላ ስሕተቱ ታረመ፤ ብዙ አንቈይበትም።

በዚያው ዘመን በስዊስ አገር የሆነውን ግን ማለፍ አይቻልም። በ1921 መጀመሪያ ላይ በክሮይትስሊንገን ከተማ ሉድቪግ ቢንስቫንገር ወደሚያስተዳድረው የአእምሮ ሕክምና ቤት አንዲት ባለትዳር ሴት ገባች። ቢንስቫንገር ስሟን ሰውሮ ኤለን ዌስት ይላታል። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ መጽሐፍ ታነባለች፤ ግጥም ትጽፋለች፤ ለድኆች ለመሥራት ትመኛለች። ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ ግን አንድ ፍርሃት አልለቀቃትም፤ ይኸውም እወፍራለሁ የሚል ፍርሃት ነው። ስለዚህ እየተራበች፣ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከመጠን በላይ እየወሰደች፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ እያሰበች ትኖር ነበር። ያዩአት ሐኪሞች በስሙ እንኳ አልተስማሙም። ታላቁ ክሬፔሊን ሜላንኮሊያ አለው፤ ብሎይለርና ቢንስቫንገር ስኪዞፍሬኒያ አሉት፤ ሌላው አማካሪ ሐኪም ደግሞ ከተፈጥሮ ጠባይ የመጣ መዛባት ነው አለ። ተስፋ የሚሰጥ ሕክምና አላገኙላትም፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ራስዋን እንደምታጠፋ እያወቁ ከባሏ ጋር አሰናበቷት፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ እንዲሁ ሆነ። ሁሉም ስለ ጠባይዋና ስለ መንፈስዋ ብዙ መከራከራቸውን፣ ረኀቡ ራሱ በአሳብዋ ላይ የሚሠራውን ግን እንደ ተከታይ ነገር መቍጠራቸውን ስናይ እናዝናለን።

ቢንስቫንገር ይህን ታሪክ ያሳተመው ከሞቷ ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1944ና በ1945 ነው። የሚያስደንቀው፣ እርሱ የማይጠብቀው መልስ በእነዚያው ወራት ከውቅያኖስ ማዶ በመዘጋጀት ላይ ነበር።

በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪይስ የሚባል የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበረ። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ብዙ የአውሮፓ ሕዝብ ተርቦ ነበርና፣ የተራበን ሰው መልሶ ለመመገብ የሚበቃው ምን ያህል ምግብ እንደ ሆነ በሥርዓት የመረመረ ስላልነበረ፣ ኪይስ ይህን በፈቃደኞች ላይ ለመፈተን ተነሣ። ፈቃደኞቹን ያገኘው ስለ ኅሊናቸው ጦር መሣሪያ አንይዝም ካሉ ወጣቶች መካከል ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጦርነትን ከሚነቅፉ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ነበሩ። በሥጋም በአእምሮም ጤናማ የሆኑ፣ ከሰው ጋር ተስማምተው መኖር የሚችሉ 36 ወንዶች ተመረጡ። በዩኒቨርሲቲው የኳስ ሜዳ መቀመጫዎች ሥር ባለው የምርምር ክፍል እየኖሩ፣ ከኅዳር 1944 ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል እየተመገቡ ቈዩ። ከየካቲት 12 ቀን 1945 ጀምሮ ደግሞ ለ24 ሳምንት ምግባቸው በግማሽ፣ ወደ 1,570 ካሎሪ ያህል ወረደ። ማዕዳቸው በአውሮፓ የተራበ ሰው የሚያገኘው ዓይነት ነበር፤ ጥቍር ዳቦ፣ ድንች፣ ጎመንና የመሳሰለው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ። በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መሄድ ግዴታቸው ነበር።

የሥጋቸው ነገር እንደ ተጠበቀው ሆነ፤ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል አጡ፤ የልባቸው ትርታ ዘገየ፤ በበጋ ሙቀት ይበርዳቸው ጀመር። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን የጠባያቸው ለውጥ ነው። እነዚህ ፍልስፍና የሚወያዩ፣ ስለ ዓለም ሰላም የሚከራከሩ ወጣቶች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከምግብ በቀር ወሬ አልነበራቸውም። የወጥ አሠራር መጽሐፍ የማያውቁት ሰዎች የወጥ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ጥቂቷን ምግብ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ እየቈራረሱ፣ እየቀላቀሉ፣ ውሃ እየጨመሩ ይበሏታል፤ ሳሕኑን ይልሱታል፤ ቡናና ማስቲካ ያለ ልክ ያበዛሉ፤ አንዱማ በቀን 40 ፓኮ ማስቲካ ደርሶ ነበር። ሳቅ ጠፋ፤ ሴት ጓደኛ ተረሳች፤ ብቻ መሆን ተወደደ። ጓደኛቸው ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያስቈጣቸው ነበር። ከከተማ ምግብ ሠርቆ የበላ ስለ ተገኘ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ ታዘዘ። ረኀብን በዓይኑ ላየ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንም፤ እዚህ ግን ከቀን ወደ ቀን ተመዝኖና ተቈጥሮ ተጻፈ።

አንድ ሌላ ዕድል ነገሩን ይበልጥ አጠነከረው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስታርክ ሐታወይና ማኪንሊ የተባሉ ሁለት ምሁራን፣ ሰው እውነት ወይም ሐሰት እያለ የሚመልሳቸው ከአምስት መቶ በላይ ዐረፍተ ነገሮች ያሉበት የጠባይ መጠይቅ አዘጋጅተው በ1943 አሳትመው ነበር። ይህ መጠይቅ ኋላ በዓለም ሁሉ ታዋቂ ሆኗል። ኪይስና ጓደኞቹ ፈቃደኞቹን በዚሁ መጠይቅ ከረኀቡ በፊት፣ በረኀቡ ጊዜና ከረኀቡ በኋላ መዘኗቸው። ረኀቡ እየበረታ ሲሄድ ሐዘንን፣ ስለ ሥጋ ጤና አብዝቶ መጨነቅንና ሂስቴሪያን የሚያመለክቱት መለኪያዎች እየወጡ ሄዱ። ሰዎቹ እንደገና ሲመገቡ ቀስ በቀስ ወረዱ። ከኪይስ የሥራ ጓደኞች መካከል ሺሌና ብሮዤክ በ1948 ባወጡት ጽሑፍ ይህን በሙከራ የተፈጠረ ኒውሮሲስ ብለው ጠሩት። ጤናማ ተብሎ ከተመረጠ ሰው፣ እንጀራውን በማሳነስ ብቻ፣ የነርቭ ሕመምተኛ የሚመስል ሰው ተሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ የገልን የ17 ዓመት ልጅ እናስታውስ። መነጫነጭዋ፣ የቅናት መንፈስዋ የጠማማ ጠባይ ምልክት ተብሎ ተጽፎ ነበር። በሚኒሶታ 36 የተመረጡ፣ ታጋሽነታቸው የተመሰከረላቸው ወንዶች በስድስት ወር ረኀብ እንደ እርስዋ ተነጫናጮችና ኩርፍተኞች ሆኑ። ኤለን ዌስት ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰቧ ጥልቅ የነፍስ ምሥጢር ተደርጎ ተተርጕሞ ነበር፤ የሚኒሶታ ሰዎችም ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ሲያስቡ ዋሉ። ጠባይ ነው ከተባለው ውስጥ ብዙው ረኀብ ነበረ።

ሙከራው ግን ይህን ብቻ አላስተማረም። ከሐምሌ መጨረሻ 1945 ጀምሮ ምግብ ሲጨመርላቸው፣ ጥቂት ብቻ የተጨመረላቸው ሰዎች አላገገሙም፤ ጭራሽ አንዳንዶቹ ሐዘናቸው ባሰ። በዚህ ጊዜ ነው አንዱ ፈቃደኛ እንጨት ሲፈልጥ በመጥረቢያ ሦስት ጣቶቹን የቈረጠው፤ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው ለራሱም አልለየለትም። በኋላም ያሻችሁን ብሉ ሲባሉ ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቶ መጥገብ አልቻሉም፤ ከመደበኛ ሰው እጥፍና ከዚያ በላይ እየበሉ ይርበናል ይሉ ነበር። ለማቆም የሚሳነው መብላትም፣ ማለት ሌላው የሕመሙ ፊት፣ ከመራብ ሊወለድ እንደሚችል የታየው እዚህ ላይ ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ደግሞ ሁለት ነገር መናገር ይገባል። አንደኛ፣ 36ቱ ሁሉ እኩል አልተሰበሩም። ያንኑ ምግብ እየበሉ፣ ያንኑ መንገድ እየሄዱ፣ አንዳንዶቹ ፈተናውን በጥቂት ሐዘን አለፉት፤ አንዳንዶቹ ወደ አእምሮ ሐኪም እስከ መወሰድ ደረሱ፤ ከፈተናው የወጡም ነበሩ። ረኀቡ አንድ ሲሆን የሰዎቹ ሁኔታ መለያየቱ ከረኀብ በፊት የነበረ አንድ ነገር በየሰዉ ውስጥ መኖሩን ያመለክታል። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሰዎች መብላት ይወዱ ነበር፤ የከለከላቸው ኪይስ እንጂ ፍርሃታቸው አልነበረም። እወፍራለሁ የሚለው የኤለን ዌስት ፍርሃት ከሚኒሶታ መዝገብ ውስጥ መልስ አያገኝም። በሙከራው ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ አለመኖሯም የታወቀ ጕድለት ነው። ኪይስ ውጤቱን ሁሉ ሰብስቦ በ1950 ከ1,300 ገጽ በላይ ባላቸው ሁለት ታላላቅ ጥራዞች አሳተመ፤ የአእምሮ ሐኪሞች ግን ዋጋውን የተረዱት እያደር ነው።

ለኤለን ዌስት ፍርሃት መልስ ከፈለጉት መካከል ሒልደ ብሩክ ትልቁን ስፍራ ትይዛለች። በ1904 በጀርመን አገር ተወልዳ፣ በ1933 ከናዚዎች ሸሽታ፣ በመጨረሻ በአሜሪካ የተቀመጠች ሐኪም ናት። ሥራዋን የጀመረችው በኒውዮርክ በወፈሩ ልጆች ላይ ነው፤ ኋላ ግን የሚከሱትንም የሚወፍሩትንም በአንድ ዓይን አየቻቸው። በ1973 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ጻፈችው፣ ሕፃን ሲርበው ሲመገብ፣ ሲበርደው ሲለብስ፣ ሲያዝን ሲባበል የውስጡን ስሜት ለይቶ ማወቅ ይማራል፤ ለማንኛውም ልቅሶ ምግብ የሚሰጠው፣ ወይም ሲርበው የማይሰማ፣ አድጎም ረኀቡን ከሐዘኑ መለየት ይቸግረዋል። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቱ ላይ ሥልጣን የሌለው ይመስለዋል፤ ሊያዝዝበት የሚችለው አንድ ግዛት ቢኖር ገላው ብቻ ነውና በዚያ ላይ ይነግሣል። ይህ ሐሳብ ለብዙዎች ብርሃን ሆኗል። ነገር ግን ወቀሳውን ከሕመምተኛዋ አንሥቶ በእናትዋ ጫንቃ ላይ የጫነ መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ ብዙ እናቶችም የማይገባ ሸክም ተሸክመውበታል።

ስለ ወፍራሞችም እንዲሁ በሐሰት ብዙ ተብሎ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወፍራም ሰው የራሱ የሆነ የተበላሸ ጠባይ አለው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ሐሮልድና ሔለን ካፕላን የጻፉትን ሁሉ መርምረው በ1957 እንዳስታወቁት፣ ያልተጠረጠረ የነፍስ ምክንያት የለም፤ ለወፍራሞች ሁሉ የጋራ የሆነ አንድ ጠባይ ግን አልተገኘም። አልበርት ስታንካርድ በ1959 ከወፍራሞች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ምግብ የመብላት፣ ከዚያም በጸጸት የመቃጠል ልማድ እንዳላቸው ለይቶ ጻፈ። ጄራልድ ራስል በ1979 በለንደን ያያቸውን 30 ሕመምተኞች ገልጦ «ቡሊሚያ ኔርቮዛ» የሚለውን ስም አወጣ፤ እነዚህ አብዝተው በልተው የሚያስታውኩ ወይም ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ቀድሞ ራሳቸውን ያስራቡ ነበሩ። ስታንካርድ ያየው ልማድ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሐፍ የተመዘገበው በ2013 ነው።

በ1975 ሔርማንና ማክ ያደረጉት አንድ ትንሽ ሙከራ የሚኒሶታን ነገር በጠገበ አገር መልሶ አሳየ። ለተማሪ ሴቶች ወተትና አይስ ክሬም የተመታበት መጠጥ ሰጥተው፣ ከዚያ አይስ ክሬም ቅመሱና ፍረዱልን አሏቸው። ምግባቸውን የማይቈጥቡት ከመጠጡ በኋላ ጥቂት በሉ። ዘወትር ምግባቸውን የሚቈጥቡት ግን መጠጡን ከጠጡ በኋላ የበለጠ በሉ፤ አጥሩ አንዴ ከፈረሰ በኋላ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም።

ዛሬ የደረሱበትን በአጭሩ ብንናገር፣ ከጠባይ ወገን ሳይናወጥ የቆመው ነገር ፍጹምነትን አጥብቆ መሻት ነው። ከዳኑ፣ ክብደታቸውም ከተመለሰ ሰዎች ላይ እንኳ ይገኛል፤ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በልጅነት የነበረባቸውም ብዙ ናቸው። በ2001 ዌስተንና ሐርንደን ፊሸር ያወጡት ጥናት የአበላል መታወክ ያለባቸውን በጠባያቸው በሦስት ይከፍላቸዋል፤ ሥራቸውን የሚያሳኩ ግን ራሳቸውን የሚገርፉ፣ ስሜታቸውን አፍነው የሚኖሩ፣ ስሜታቸው የሚያሸንፋቸው። ሦስቱም አንድ ሕመም ታመሙ ቢባልም ምግብ ለእያንዳንዱ የሚሠራው ሥራ የተለየ ነው፤ ለመጀመሪያው መመዘኛ፣ ለሁለተኛው አፈና፣ ለሦስተኛው ማደንዘዣ ይሆንለታል። የመንፈስ ጭንቀትም እንዲሁ በሁለት በር ይገባል፤ ከሕመሙ በፊት ቀድሞ ያለ ጭንቀት አለ፤ ረኀቡና ኀፍረቱ የሚወልዱት ጭንቀት አለ። በ2019 ደግሞ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች 16,992 የአኖሬክሲያ ሕመምተኞችን መርምረው ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ስምንት የዘር ስፍራዎች አገኙ፤ ዝምድናውም ከአእምሮ ሕመሞች ጋር ብቻ ሳይሆን ሥጋ ምግብን ከሚያቃጥልበትና ስብን ከሚያከማችበት ሥርዓት ጋርም ነው። ከሲሞንድስ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ዕጢውን በመያዛቸው ቢሳሳቱም፣ ሥጋም ድርሻ አለው ማለታቸው ከንቱ አልነበረም።

ሕክምናውን የሚሰጡት ሐኪሞች ዛሬ የሚጀምሩት ከማዕዱ ነው፤ ሰውነቱ ሳይመለስ የሕመምተኛው ጠባይ የትኛው እንደ ሆነ፣ የረኀቡ የትኛው እንደ ሆነ መለየት እንደማይቻል ያውቃሉና። ክሳቱ ሲጠግግ መነጫነጩና ብቸኝነቱ ብዙውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ፍርሃቱና ራስን መግረፉ የቀሩ እንደ ሆነ ንግግሩ ያን ጊዜ ይጀመራል። አንዳንድ ሐኪሞችም ለሕመምተኞቻቸው የእነዚያን 36 ወንዶች ታሪክ ያስነብቧቸዋል። ኪይስ በ2004 በመቶ ዓመት ዕድሜው ሞቷል፤ በ2003ና በ2004 በሕይወት የተገኙት ጥቂት ፈቃደኞች ተጠይቀው፣ ያ ጊዜ ከሕይወታቸው ሁሉ የከበደ እንደ ነበረ፣ እንደገና ቢጠየቁም እምቢ እንደማይሉ ተናግረዋል። ያን ታሪክ የምታነብ ሕመምተኛ ሳሕን ስለሚልሱት፣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ስለሚሰበስቡት፣ የጓደኛቸው አበላል ስለሚያስቈጣቸው ጤናማ ጐልማሶች ታነብባለች፤ የእርስዋ ብቻ መስሏት የደበቀችውን ነገር በሌላ ሰው ስም ተጽፎ ታገኘዋለች።